ያላየሁት ባሕር



አስተማሪ የሆነ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ከባዱን ጥያቄ አይደለም። ከባዱን ጥያቄማ «ኪታብ አይቼ ነገ እነግራችኋለሁ» ብሎ ማቆየት ይቻላል፤ ተማሪም በዚህ አይከፋም። የሚያስፈራው «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚበቃው ትንሹ ጥያቄ ነው። እኔን አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር፤ የሰጠኋትም መልስ ከነቀምት አስነሥቶ ጋምቤላ ድረስ አስኬደኝ። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚያ መልስና በአንድ የክረምት ቀን በባሮ ወንዝ ገደል ዳር ስላደረግነው የእግር ጉዞ ነው።

ጊዜው ግንቦት 2006 ዓ.ም. ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጊዱ ግቢ ባለችው መድረሳ ለሕፃናት ስለ መጀመሪያው የሐበሻ ስደት አስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ615 ዓ.ም. 11 ወንዶችና 4 ሴቶች የቁረይሽን ግፍ ሸሽተው ከመካ በድብቅ እንደወጡ፣ ሹዐይባ ወደምትባለው ወደብ ወርደው በግማሽ ዲናር ሂሳብ በነጋዴ መርከብ እንደተሳፈሩ፣ አሳዳጆቻቸውም ባሕሩ ዳር ሲደርሱ መርከቡ ርቆ እንደጠበቃቸው ነገርኳቸው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡኝ ነበር። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ መደመጤ ጣፍጦኝ የማዕበሉን ድምፅና የመርከቡን መወዛወዝ በዓይኑ እንዳየ ሰው አድርጌ ጨማመርኩበት።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ኡስታዝ፣ እርስዎ ባሕር አይተው ያውቃሉ?»

«አዎ፣ አይቻለሁ» አልኳት።

«በጣም ሰፊ ነው?»

«ሰፊ ነው፤ ግን በመርከብ አንድ ቀን ብቻ ነው።»

ልጅቱ ፈገግ ብላ ተቀመጠች። ከኋላዋ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ ዐየኝና መልሶ በለውሑ ላይ አቀረቀረ። እኔ ነቀምት ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በምሥራቅ በኩል ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም ነበር። ባሕር አለማየቴን ልጄ ያውቃል።

ማታ ከመግሪብ በኋላ ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፤ «አባ፣ ባሕር ያዩት መቼ ነው?»

«አንተ ከመወለድህ በፊት» አልኩት። እነሆ አንዱ ውሸት ሁለት ሆነ። ውሸት እንደ ፍየል ነው፤ መንታ ይወልዳል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር። ነገር ግን በሳምንቱ የልጅቱ አያት ከመስጊዱ በር ላይ ጠብቀው አመሰገኑኝ። የልጅቱ እናት ለቤት ሠራተኝነት ጅዳ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ያ ዓመት፣ እንደምታስታውሱት፣ ሳዑዲ ዐረቢያ ከኅዳር ወር ጀምሮ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን የመለሰችበት ዓመት ነበር። በየከተማችን የተመለሰ ልጁን የተቀበለም፣ ያልተመለሰ ልጁን የሚጠብቅም ቤተሰብ ነበር። የዚህች ልጅ እናት ከተመላሾቹ መካከል አልነበረችም። ለልጅቱ «እናትሽ ከባሕር ማዶ ናት» ተብሎ ተነግሯታል። ለካ የጠየቀችኝ ስለ ሙሃጂሮቹ መርከብ አልነበረም።

«ኡስታዝ፣ ጀዛከላሁ ኸይረን» አሉኝ አያቲቱ፤ «አንድ ቀን ብቻ ነው ስላሏት ልቧ ረጋ። አሁን ግን ‹አንድ ቀን ከሆነ ለምን ለዒድ አትመጣም?› እያለች አስቸግራኛለች።»

በዋሸሁት ነገር ቢሰድቡኝ ይቀልለኝ ነበር። እሳቸው ግን መረቁኝ።

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ሌላ መንገድ ፈለግሁ። በመድረሳ ያለፍን ሰዎች ተውሪያ የሚባል ነገር እናውቃለን፤ ሁለት ትርጉም ያለውን ቃል ተናጋሪው በአንዱ አስቦ፣ ሰሚው በሌላው እንዲረዳው አድርጎ መናገር ነው። ዑለማዎቻችን የፈቀዱት ለጭንቅ ጊዜ፣ የሰው ነፍስ ወይም ሐቅ ለማዳን ሲሆን ነው። እኔ ግን ክብሬን ላድንበት ፈለግሁ። ሱዳኖች ወንዞቻቸውን ባሕር ይላሉ፤ ባሕረል ጀበል፣ ባሕረል ጋዛል እያሉ ይጠሯቸዋል። በቅዱስ ቁርኣንም ጣፋጩም ጨዋማውም ውሃ ባሕር ተብሏል። በአማርኛችንም የጣና ሐይቅ ዳሯ ከተማ ባሕር ዳር ትባላለች። እንግዲህ እኔም ጋምቤላ ሄጄ ባሮን ብመለከት፣ ወደብ የነበረበትንም ስፍራ ብረግጥ፣ «ባሕር አይቻለሁ» ያልኩት ቃል በአንድ ወገን እውነት ይሆንልኛል ብዬ አሰብኩ። ልጄንም ይዤው እሄዳለሁ፤ እሱም ያያል፤ ነገሩ በዚሁ ይዘጋል።

ረመዷን አልፎ ዒድ ከተከበረ በኋላ በነሐሴ አጋማሽ ተነሣን። ከነቀምት ስንወጣ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርድ ነበር። አውቶቡሱ ወደ ዲዴሳ ሲወርድ ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል፤ ዲዴሳን ተሻግሮ ወደ ጊምቢ ሲወጣ ደግሞ ብርዱ ይመለሳል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የቡና ዛፍ ይታያል። የእኛ አካባቢ ቡና እስከ ዛሬ በዓለም ገበያ በቀድሞው የከተማችን አጠራር «ለቀምት» ተብሎ እንደሚሸጥ ለልጄ ነገርኩት። እሱ ግን ሐሳቡ ባሕሩ ላይ ነበር።

ደምቢ ዶሎ አጎቴ ቤት አደርን። አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ያን ጊዜ 72 ዓመታቸው ነበር። ጋምቤላ እንደምንሄድ ስነግራቸው «እንግዲያውስ እኔም ከናንተ ጋር ነኝ፤ አንድ ጊዜ ሳላየው መሞት አልፈልግም» አሉ። በልጅነታቸው ከአባታቸው ማለትም ከአያቴ ጋር ቡና ጭነው ይወርዱ ነበር። አያቴ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ።

በማግሥቱ ሙጊን አልፈን አንፊሎ ዳር ስንደርስ አውቶቡሱ ጭቃ ያዘውና ወንዶቹ ወረድን። መኪናው እስኪወጣ ድረስ እኛ ሦስታችን በገደሉ አፋፍ ጥቂት ተራመድን። ምድሪቱ እዚያ ላይ ድንገት ታበቃለች። ነቀምት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስትሆን ጋምቤላ ከ500 ሜትር እምብዛም አትበልጥም፤ ያ ሁሉ ቁልቁለት በአብዛኛው ከዚህ አፋፍ በታች ነው። ቆላው በሙሉ በነጭ ጉም ተሸፍኖ ነበር። ጉሙ ከእግራችን ሥር ጀምሮ እስከ ሰማዩ ጫፍ ተዘርግቷል፤ ኮረብታዎቹ ብቻ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብለዋል።

ልጄ «ባሕር!» ብሎ ጮኸ።

አጎቴ ሳቁ፤ «ጉም ነው፣ የኔ ልጅ። ፀሐይ ስትወጣበት ይጠፋል።» እውነትም ብዙ ሳንቆይ ጠፋ፤ ከሥሩም አረንጓዴው ቆላ ወጣ። እኔ አብሬ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከጉሮሮዬ አላለፈም።

ጋምቤላ ስንደርስ ከተማው በመኪና ተጨናንቆ ነበር። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የፈነዳው ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች ድንበሩን እየተሻገሩ ወደ ክልሉ ይገቡ ነበር፤ ድንኳንና እህል የጫኑ መኪኖች ወደ ኢታንግ ይመላለሱ ነበር። አንዲት እናት ሕፃን በጀርባዋ አዝላ፣ በራሷ ላይ ድስት ተሸክማ፣ ሌላ ልጅ እጇን ይዞ ስታልፍ ዐየን። ስለ ስደት ከአሥር ዓመት በላይ ሳስተምር የሙሃጂሮቹን ሴቶች ድስት አስቤው አላውቅም ነበር።

በነጋታው ከሱብሒ ሶላት በኋላ ፀሐይ ሳትበረታ ወደ ወንዙ ወረድን። ከድልድዩ ጀምረን የድሮው ወደብ ወደነበረበት በዳርቻው ላይ በእግር ተጓዝን። አጎቴ በበትራቸው እየተደገፉ ከፊት ይመራሉ፤ ልጄ በመካከል፤ እኔ ከኋላ። ዳርቻው ጎርፍ የቆረጠው የአፈር ገደል ነው፤ ማንጎ ዛፎች ጥላቸውን ጥለውበታል፣ ሥራቸውም ከገደሉ ላይ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ከታች ባሮ ሞልቶ፣ ጭቃ መስሎ፣ ግንድና ሣር እየገፋ ይወርዳል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተኮፍሰው ዳር ዳሩን ቆመዋል። ዓሣ አጥማጆች ከግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ውሃውን እያቋረጡ ነበር። ልጄ ከገደሉ ጫፍ እንዳይጠጋ ኮሌታውን ይዤ ነበር የምሄደው፤ አፈሩ በዝናብ ስለራሰ ከሥር ይናዳል።

አጎቴ ቆም እያሉ የወደቡን ነገር ይነግሩን ጀመር። እኔም ከመጽሐፍ ያነበብኩትን እጨምር ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1902 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተስማሙ። ውሉ ላይ የተጠቀሰው ኢታንግ አካባቢ ነበር፤ ጣቢያው የቆመው ግን ጋምቤላ ላይ ነው። እንግዲህ የዚያ ሁሉ ንግድ በር የነበረው ሁለት ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ነው፤ ሽማግሌና ሕፃን በአንድ ጠዋት በእግር የሚጨርሱት። መርከቦቹ ከኻርቱም በነጭ አባይና በሶባት በኩል ይመጣሉ፤ ጨውና አቡጀዲ አምጥተው ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭናሉ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ቦታው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ የመኪና መንገድ ንግዱን ወደ አዲስ አበባ ሲስበው፣ በደቡብ ሱዳንም ጦርነት ሲበረታ ወደቡ ቀስ በቀስ ሞተ።

«ይህ ወደብ» አሉ አጎቴ «የክረምት ወደብ ነበር። መርከብ የሚገባው ከሰኔ እስከ ጥቅምት፣ ውሃው ሲሞላ ብቻ ነው። በበጋ የመጣ ሰው ወንዙ ጎድሎ አሸዋው ወጥቶ ሲያይ ‹እዚህ መርከብ ይመጣል› ቢሉት አያምንም።»

«ታዲያ ቡናውን በክረምት ነበር የምታወርዱት?» አልኳቸው።

«በጭቃ በቅሎ ጭነት ይዛ ትወርዳለች እንዴ? ቡና የሚለቀመው በኅዳርና በታኅሣሥ፤ የምናወርደው በበጋ ነው። ከዚያ መጋዘን ይገባና መርከብ ይጠብቃል። አራት ወር፣ አምስት ወር። አባቴ ቡናውን ለሰው አስረክቦ፣ ወረቀት ተቀብሎ፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ወረቀቱን ማንበብ አይችልም። ሁሉም ነገር በአማና ነበር።»

ከዚያ አንድ የዛገ ብረት ከመሬት ወጥቶ በሚታይበት ቦታ ከዛፍ ሥር ተቀመጥን። አጎቴ ውሃውን እያዩ የሚከተለውን ነገሩን።

«አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላኝ አይቀርም። አባቴ ለመሸጥ በክረምት ሲወርድ ይዞኝ መጣ። ቡናችን ከመጋዘን ወጥቶ ሲመዘን በበጋ ካስረከብነው በሁለት ፈረሱላ በለጠ። ሁለት ፈረሱላ ማለት ሠላሳ አራት ኪሎ ነው። እኔ በደስታ ዘለልኩ። አባቴ ጫማ እንደሚገዛልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበርና፣ ጫማዬ ተገኘ ብዬ አሰብኩ። አባቴ ግን ከከረጢቱ አንድ እፍኝ ቡና አወጣ፤ በጥርሱ ነከስ አደረገው። ‹ይህ ውሃ ነው› አለ። ቆላው እርጥብ ስለሆነ ቡናው በመጋዘን ተቀምጦ እርጥበት ጠጥቷል። ለገዢው ‹የኔ ቡና በበጋ የተመዘነው ነው፤ ትርፉ የባሮ ውሃ ነው፤ ውሃ አልሸጥልህም› አለው።»

«ገዢው ምን አለ?» አለ ልጄ።

«ምን ይላል? ሳቀ። በበጋው ሚዛን ሂሳቡን ከፈለና ሄደ። ‹ጎበዝ› እንኳን አላለውም። ሌሎቹ ነጋዴዎች በክረምቱ ሚዛን ሸጠው ገቡ። እኔ በባዶ እግሬ ወደ ደምቢ ዶሎ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ አኩርፌው ነበር። ጫማዬ እኮ በዚያ ውሃ ውስጥ ነበር! አባቴ ምንም አላለኝም። አንፊሎ ዳገት ላይ ስንደርስ ብቻ ‹ሚዛኑ አልዋሸም፤ የምዋሸው እኔ ነበርኩ› አለኝ። ያኔ አልገባኝም።»

ውድ አንባብያን፣ ለእኔ ግን ያን ሰዓት ገባኝ። ሚዛኑ እውነተኛ ነው፤ ቁጥሩም እውነተኛ ነው፤ ማንም ዳኛ ፊት ቢቀርብ ያስፈርዳል። ሻጩ ግን በውስጡ ያለውን ያውቃል። እኔም ከነቀምት ድረስ የመጣሁት ሚዛን ፍለጋ ነበር። ባሕር የሚለው ቃል ወንዝንም ይመዝናል ብዬ ነው፤ ቃሉም ይፈቅድልኛል። ልጅቱ «ባሕር» ስትል ግን እናቷንና እሷን የለየውን ውሃ እንደነበር አውቃለሁ። ባሮ እሱ አይደለም።

ልጄ ከገደሉ ጫፍ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ ውሃውን ሲመለከት ቆየ። ከዚያ ዞር አለ።

«አባ፣ ያዩት ባሕር ይሄ ነው?»

መልሱ ከግንቦት ጀምሮ ተዘጋጅቶ አፌ ላይ ነበር። «አዎ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

«አይደለም» አልኩት። «ይህ ወንዝ ነው። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ካወቅህ ለምን ዝም አልክ?»

«ልጆቹ እየሰሙ ነበራ» አለ ወደ መሬት እያየ።

አጎቴ ያልሰሙ መስለው ፊታቸውን ወደ ወንዙ እንዳዞሩ ቀሩ። እኔም ፊቴን ወዴት እንደማዞር ጨነቀኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የአባቱን ነውር ሦስት ወር ተሸክሞ ከርሟል። በክፍል ውስጥ እኔ ክብሬን ለመጠበቅ ስዋሽ እሱ ክብሬን ለመጠበቅ ዝም ብሏል። ስለ እውነተኛነት ስንት ቀን አስተምሬዋለሁ! ያን ቀን በለውሑ ላይ ሲያቀረቅር የተማረው ግን ሌላ ትምህርት ነበር፤ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ።

ጥቂት ቆይቶ ልጄ ራሱ ዝምታውን ሰበረው። «ይህ ውሃ ግን ባሕር ይደርሳል?» አለ። እዚህ ላይ የማውቀውን ነገርኩት። በጊምቢና በደምቢ ዶሎ በኩል የሚዘንበው ዝናብ ወደ ብርብር ይገባል፤ ብርብር ከገባ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል፤ ባሮ ሶባትን፣ ሶባትም ነጭ አባይን ይቀላቀላል። በነቀምት ጣሪያችን ላይ የሚወርደው ደግሞ በዲዴሳ በኩል ወደ አባይ ይሄዳል። ሁለቱ ኻርቱም ላይ ይገናኙና በግብፅ አድርገው ሜድትራኒያን ባሕር ይገባሉ። «እንግዲህ ከኛ ቤትና ከአባባ ቤት የወጣው ውሃ ኻርቱም ላይ ይገናኛል ማለት ነው?» አለ። «አዎ» አልኩት። ይህኛው «አዎ» አልከበደኝም።

ፀሐይዋ ስትበረታ የመጣንበትን ዳርቻ ይዘን ተመለስን። በመመለሻችን ልጄ እንጂ እኔ አልነበርኩም እጅ የያዝኩት፤ እሱ የአጎቴን እጅ ይዞ ይመራቸው ነበር።

በመስከረም 2007 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀመር መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ከልጆቹ ፊት ቆሜ መናገር ነበር። «ባሕር አይቻለሁ ያልኳችሁ ውሸት ነው። አላየሁም። በመርከብ አንድ ቀን ነው ያልኩትም ሳላውቅ የተናገርኩት ነው። አላህን ምሕረት ለምኛለሁ፤ እናንተም ዐፉ በሉኝ» አልኳቸው። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ ወንድ ልጅ እጁን አወጣና «ታዲያ የሙሃጂሮቹም መርከብ ውሸት ነው?» አለኝ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዋሸሁበትን ዋጋ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ለትንሽ ክብር ብዬ ያስገባኋት አንዲት ጠብታ ከረጢቱን ሁሉ አጠራጠረችው። የሐዲስ ሊቃውንት በዕለት ተዕለት ንግግሩ የሚዋሽን ሰው ሪዋያ የማይቀበሉት ለምን እንደሆነ በኪታብ ተምሬው ነበር፤ ያ ልጅ ግን በአንድ ጥያቄ አስረዳኝ። ያን ቀን ሙሉውን ሰዓት ስለ ኢስናድ አስተማርኳቸው፤ የሰማነውን «ሰማን»፣ ያየነውን «አየን»፣ የማናውቀውን «አናውቅም» ማለት ዲናችን እስከ እኛ የደረሰበት መንገድ መሆኑን ነገርኳቸው። የማዕበሉን ድምፅና የመርከቡን መወዛወዝ የጨመርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ የስደቱ ታሪክ ግን በተአማኒ ሰዎች የተላለፈ መሆኑን ለየሁላቸው።

ልጅቱ እንደ ድሮው ከፊት ነበረች። «ስፋቱስ ስንት ነው?» አለች። ካርታና መጽሐፍ አይቼ ነበርና መለስኩላት፤ ቀይ ባሕር ሰፊ በሆነበት ቦታ 355 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከነቀምት እስከ አዲስ አበባ ካለው መንገድ ጥቂት ይበልጣል። አሰበችና «እንግዲያውስ አንድ ቀን ልክ ነበር» አለች።

«ልክ ሆኖ ሊሆን ይችላል» አልኳት፤ «እኔ ግን ሳልመዝን ነው የሸጥኩልሽ። ደግሞም እናትሽን ያቆያት የውሃው ስፋት አይደለም። ሥራዋ ነው። መቼ እንደምትመጣ እኔ አላውቅም።» ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አላለቀሰችም። ከዚያ ቀን በፊት ካጽናናኋት ይልቅ ያን ቀን ያሳዘንኳት ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ቢሆንም ቀላል አልነበረም።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ ከትምህርት በኋላ ወደ እኔ መጣች። «ኡስታዝ፣ እናቴን በስልክ ጠየቅኋት» አለች። «እሷም ባሕሩን አላየችውም። ስትሄድ አውሮፕላኑ ሌሊት ነበር። ከገባችበት ቤት ደግሞ አትወጣም።»

ጅዳ እኮ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ያቺ እናት ለልጇ «አዎ፣ አይቼዋለሁ፤ ሰማያዊ ነው፤ ያምራል» ብትላት ማን ይፈርድባት ነበር? እሷ ግን ከሩቅ ሀገር ሆና፣ ልጇን ለማስደሰት ያላት ነገር ቃሏ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ያላየችውን አላየሁም አለች። እኔ የቀራሁትን ኪታብ አልቀራችም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል። አጎቴ ወደ አኼራ ሄደዋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በተነሣው ግጭት ምክንያት ያን የአንፊሎ መንገድ ደግሜ አልሄድኩበትም፤ አላህ ለሀገራችን ሰላም ያውርድልን። ልጄ አድጎ ጢም አብቅሏል። የልጅቱም እናት ከሦስት ዓመት በኋላ በሰላም ተመለሰች፤ አልሐምዱሊላህ። በተመለሰች ሳምንት ልጅቱ፣ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እየሮጠች መጥታ «ኡስታዝ፣ እናቴ አየችው! ስትመጣ ቀን ነበር፤ በመስኮት አየችው» አለችኝ።

«ምን ይመስላል አለች?» አልኳት።

«ብዙ ነው አለች።»

እኔ ዛሬም ባሕር አላየሁም። የስደቱን ታሪክ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ በየዓመቱም አንድ ልጅ «ኡስታዝ፣ ባሕር አይተዋል?» ብሎ ይጠይቀኛል። «አላየሁም» እለዋለሁ፤ «ነገር ግን አንዲት ተማሪዬ ከእናቷ ሰምታ ነግራኛለች፤ እናቷም በዓይኗ አይታዋለች፤ ብዙ ነው ብላለች።»

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ።